ፍቀድ የሚለው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን ለዚህ እትም መርጠናል። አምስቱም ኢንተርኔት ስንከፍት ፊታችን ላይ እየተደቀኑ «ፍቀድ»፣ «ቀጥል»፣ «ደውል»፣ «ተቀበል» የሚሉንን ሳጥኖች ይመለከታሉ። ጸሐፊዎቹ የሚኖሩት በተለያየ አገር፣ የሚጠቀሙትም በተለያየ መሣሪያ ቢሆንም፣ እያንዳንዱን ደብዳቤ ስናነብ መጀመሪያ የጠየቅነው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር፦ ይህን የሚናገረው ማን ነው? ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ነው፣ የተከፈተው ገጽ ነው፣ ወይስ መሣሪያው ላይ የተጫነ ሌላ ነገር?

ከደብረ ብርሃን

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ የገዛልኝ ስልክ ከሁለት ወር ወዲህ ቀንም ሌሊትም መልእክት እያመጣ ይጮኻል። አንዱ «ስልክዎ በ5 ቫይረሶች ተይዟል» ይላል፤ ሌላው ሽልማት ደርሶዎታል ይላል፤ አንዳንዱማ የልጅ ልጆቼ እንዳያዩብኝ የምሸሽገው ሥዕል ነው። አንድ የስልክ ጠጋኝ ጸረ ቫይረስ ጫነልኝ፤ ፈትሾ «ምንም የለም» አለ፤ መልእክቱ ግን አልቆመም። ስልኩን ፎርማት ላስደርገው ወይ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ፎርማት አያስደርጉት። ጸረ ቫይረሱ «ምንም የለም» ሲል አልዋሸም፤ እርስዎ በጻፉልን ምልክት ሁሉ ስልክዎ ላይ ቫይረስ ያለ አይመስለንም። ያለው አንድ ቀን በአንድ ጣት የተሰጠ ፈቃድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እንደ ክሮም ያሉ ብራውዘሮች ማንኛውም ድረ ገጽ፣ የስልኩ ባለቤት እስከፈቀደለት ድረስ፣ ገጹ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ወደ ስልኩ ማሳወቂያ እንዲልክ አስችለዋል። የታሰበው ለበጎ ነበር፤ ጋዜጣ ሰበር ዜናውን፣ የኢሜይል አገልግሎት አዲስ መልእክት መምጣቱን እንዲናገር ነው። ፈቃዱ ሲሰጥ ድረ ገጹ ብራውዘሩ ውስጥ ትንሽ ፕሮግራም አስቀምጦ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው መልእክት በብራውዘሩ ባለቤት ሰርቨር በኩል አልፎ፣ እንደ ማንኛውም ሕጋዊ ማሳወቂያ፣ ድምፅ እያሰማ ከስልኩ አናት ላይ ይወርዳል። ጸረ ቫይረስ የሚፈልገው የተደበቀ ሌባ ነው፤ በር ተከፍቶለት የገባን እንግዳ ግን አይነካም።

ታዲያ መቼ ፈቀድኩ ይሉ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያዘው አንድ ፊልም ወይም መዝሙር በነጻ ለማውረድ ሲሞክር፣ ገጹ መሐል ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣበት ነው። ከጽሑፉ በላይ ወይም በታች የብራውዘሩ ትንሽ ሳጥን «ይህ ጣቢያ ማሳወቂያዎችን መላክ ይፈልጋል» ብሎ ይጠይቃል፤ አንባቢው ግን ትልቁን ጽሑፍ እንጂ ትንሹን ሳጥን አያነብም። ልብ ይበሉ፦ ትልቁ ጽሑፍ የገጹ ነው፣ ትንሹ ሳጥን የብራውዘሩ ነው። ገጹ በገዛ እጁ ፈቃድ መውሰድ ስለማይችል፣ ብራውዘሩ ያቀረበውን ጥያቄ ሌላ ትርጉም ሰጥቶ ያስፈርምዎታል። እውነተኛው «ሮቦት አይደለሁም» ፈተና ማሳወቂያ እንዲፈቀድለት ጠይቆ አያውቅም፤ ሥዕል ያስመርጣል ወይም ባዶ ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርጋል፣ በቃ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ዘዴ አለ፦ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ተጭናችሁ፣ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ የተቀዳውን ጽሑፍ ለጥፋችሁ «ኢንተር» በሉ የሚል «ፈተና» ከገጠማችሁ፣ ኮምፒውተሩን በራሳችሁ እጅ ለሌባ እያስረከባችሁ ነውና ገጹን ወዲያው ዝጉት።

ወደ እርስዎ ስልክ እንመለስ። መልእክቱ እንደገና ሲመጣ በጥድፊያ አይጥረጉት፤ ከላይ ያለውን መጋረጃ ወደ ታች ስበው ጽሑፉን ያስተውሉት። የክሮም ምልክትና ከአጠገቡ የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ያያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። መልእክቱን ራሱን አይንኩት፣ ጣትዎን ግን በላዩ ላይ ጥቂት ቆየት ያድርጉት፤ የሚያጠፋ ምርጫ ይመጣል። ይህ ግን አንዱን ላኪ ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘው፤ እንደ ልማዳቸው ከሆነ ደግሞ አንዱ ሌሎች አምስት ጓደኞቹን ጠርቶ ይሆናል። ስለዚህ ክሮምን ከፍተው፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው፣ «ቅንብሮች» ወይም በእንግሊዝኛው «ሴቲንግስ» ወደሚለው ይግቡ፤ ከዚያ «የጣቢያ ቅንብሮች»፣ ቀጥሎም «ማሳወቂያዎች» የሚለውን ይምረጡ። የተፈቀደላቸው ጣቢያዎች ዝርዝር ይወጣል። የማያውቁትን እያንዳንዱን ነክተው «አግድ» ይበሉት። ከዚያው ገጽ አናት ላይ ያለውን ዋና ማብሪያ ካጠፉት ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ጣቢያ ፈቃድ ሊጠይቅዎ አይችልም። የዚህ ጸሐፊ ስልክ ላይ ያ ማብሪያ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን የቀረብን ነገር የለም።

የማሳወቂያ ፈቃድ ጥያቄውን አሰልቺ ሆኖ ያገኘነው እኛ ብቻ አይደለንም። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 መጨረሻ ጀምሮ በነበረው አንድ ወር ውስጥ ለተጠቃሚዎቹ 1.45 ቢሊዮን ያህል የማሳወቂያ ጥያቄዎች መቅረባቸውን፣ ከእነዚያ ውስጥ ፈቃድ ያገኙት ግን 23.66 ሚሊዮን ብቻ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር፤ አንድ ሰው እሺ ሲል ስልሳ ሰው እምቢ ይላል ወይም ሳይመልስ ያልፋል ማለት ነው። በዚህም የተነሳ ፋየርፎክስ ከጥር 2020 ጀምሮ ጥያቄውን ከአድራሻው አጠገብ በትንሽ ምልክት ተክቶታል፤ ክሮምም በተከታዩ ወር ለስለስ ያለ አጠያየቅ አመጣ።

ጣቢያዎቹ ግን መላ አላጡም። አሁን አሁን መጀመሪያ የሚመጣው የብራውዘሩ ሳጥን ሳይሆን ገጹ ራሱ አስመስሎ የሠራው፣ «ዜና እንዲደርስዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ «አዎ» እና «በኋላ» የሚል ምርጫ ብቻ የሚያቀርብ ሳጥን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በብራውዘሩ ሳጥን ላይ አንዴ «አግድ» ከተባለ ጣቢያው ዳግመኛ መጠየቅ አይችልም፤ በራሱ ሳጥን «በኋላ» ከተባለ ግን ነገም ከነገ ወዲያም ይጠይቃል። እንዲህ የሚነዘንዝ፣ እርስዎ ግን ሊተዉት የማይፈልጉት ጋዜጣ ካለ፣ በገጹ ሳጥን ላይ «አዎ» ብለው የብራውዘሩ ሳጥን ሲመጣ «አግድ» ቢሉት ከነገረኛነቱ ያርፋሉ።

ይህን ሁሉ አድርገው ማስታወቂያው ካልቆመ፣ በተለይም ክሮም ሳይከፈት መላውን ማያ ገጽ የሚሸፍን ከሆነ፣ ተናጋሪው ብራውዘሩ ሳይሆን የተጫነ መተግበሪያ ነው። ማስታወቂያው በመጣበት ቅጽበት፣ ሳይዘጉት፣ በቅርቡ የተከፈቱትን የሚያሳየውን ባለ አራት ማዕዘን ቁልፍ ይንኩ፤ የጥፋተኛው ምልክት እዚያ ተሰልፎ ያገኙታል። በቴሌግራም ከተላከ ፋይል የተጫነ «የእጅ ባትሪ» ወይም «ስልክ አፍጣኝ» ቢሆን አይገረሙ።

ከሐዋሳ

ጥያቄ፦ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ካሉኝ ሦስት ኮምፒውተሮች አንዱ የትኛውንም ድረ ገጽ ስከፍት «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ቀይ ምልክት ያለው ገጽ ያመጣል። ሠራተኛዬ «አድቫንስድ» የሚለውን ተጭና ታልፈዋለች፤ አንዳንዱ ገጽ ግን ማለፊያም የለውም። ጠላፊ ገብቶብን ይሆን?

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱ ብቻ፣ ያውም በሁሉም ገጽ ላይ ከሆነ፣ ከጠላፊው በፊት የኮምፒውተሩን ሰዓት እንጠርጥር። እባክዎ የዚያን ኮምፒውተር የታችኛውን ቀኝ ጥግ ይመልከቱና ቀኑንና ዓመቱን ያንብቡ።

አስተማማኝ ድረ ገጽ ሁሉ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ይዞ ይቀርባል። ሰርተፍኬቱ እንደ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ዕድሜውም አጭር ነው፤ በነጻ ከሚሰጡት ብዙዎቹ 90 ቀን ብቻ ያገለግላሉ። ብራውዘሩ ያንን ቀን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ዓመቱ 2009 ነው ብሎ ካመነ፣ ዛሬ የቀረበለት መታወቂያ ሁሉ ገና ወደፊት የሚታተም ሐሰተኛ ይመስለዋል። ክሮም አንዳንድ ጊዜ ይህንን ራሱ ተገንዝቦ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ይናገራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ሰዓቱ የሚዛባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የማዘርቦርዱ ባትሪ ማለቁ ነው። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታህለው ክብ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሰዓቱን ይዛ የምትቆየው እርሷ ናት፤ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ጠዋት ሲያስተካክሉት ውሎ፣ በማግስቱ ተመልሶ የሚበላሽ ከሆነ ባትሪዋን ይቀይሩ፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ መቀየሩም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው የራሳችን ነው። በጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ማመልከቻ ላይ የኢትዮጵያ ቀን እንዲወጣላቸው ሲሉ የኮምፒውተሩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ። እኛ ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለምንለይ፣ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ኢንተርኔቱ ሁሉ «የግል አይደለም» ይሆናል። ሰዓቱን በእኛ አቆጠራ ያደረገ ሰው የስድስት ሰዓት ልዩነት ብቻ ስለሚያመጣ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅበትም፤ ዓመቱ ግን አይማርም። ማመልከቻው ላይ ቀኑን በእጅ ይተይቡት፤ ሰዓቱን ደግሞ በቀኝ የማውዝ ቁልፍ ነክተው ቀንና ሰዓት ማስተካከያ ውስጥ በመግባት በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉት። የሰዓት ክልሉን ሲመርጡ አዲስ አበባን ፈልገው እንዳይደክሙ፤ ዊንዶውስ የእኛን ክልል የሚጠራው ናይሮቢ ብሎ ነው።

ለሠራተኛዎ ግን አንድ ነገር ይንገሩልን። «አድቫንስድ» ብሎ ማለፍ መፍትሔ አይደለም፤ ቀኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ከመጣ ምናልባት የዚያ ጣቢያ ባለቤት ሰርተፍኬቱን ማደስ ረስቶ ይሆናል፤ ምናልባትም በመሐል የገባ ሰው አለ፤ ከውጭ ሆኖ ለመለየት አይቻልም። ባንኮችና ትልልቅ የኢሜይል አገልግሎቶች ማለፊያውን የነፈጉትም ለዚህ ነው። በሱቅዎ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል የሚያስገባው ደግሞ ደንበኛው ነውና፣ ኃላፊነቱ በሱቁ ላይ ይወድቃል።

ኮምፒውተሩ አሁንም በዊንዶውስ 7 የሚሠራ ከሆነ ቀኑን ማስተካከሉ ለጊዜው ብቻ ይረዳዎታል፤ ክሮም ለዊንዶውስ 7 የወጣለት የመጨረሻ እትም 109ኛው ሲሆን፣ እሱም የ2023 መጀመሪያ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋር ናት። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ በላፕቶፕ የቅዳሴ ቪዲዮ ስትፈልግ ማያ ገጹ በሙሉ ቀይ ሆነ፤ እንደ አምቡላንስ የሚጮህ ድምፅ ተከተለ፤ «ማይክሮሶፍት ኮምፒውተርዎን ዘግቶታል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። ደወለች። አንድ ሰው ፕሮግራም አስጭኖ፣ ማውዙ በራሱ ሲንቀሳቀስ እያየች ቆይታ፣ የባንክ ካርድ ሲጠይቃት ፈርታ ዘጋችው። ላፕቶፑን አጥፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዎቿ ሥር ደብቃዋለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናትዎ ካርዱን ሲጠየቁ መዝጋታቸው ትልቅ ብልሃት ነው፤ ላፕቶፑን ማጥፋታቸውም እንዲሁ። እባክዎ ይህንን በመጀመሪያ ይንገሯቸው፤ በዚህ ዓይነት ነገር የተታለሉ ወላጆች ከገንዘቡ ይልቅ የልጆቻቸውን ወቀሳ ፈርተው ነገሩን ይደብቃሉና።

ያ ቀይ ገጽ ተራ ድረ ገጽ ነበር። ድረ ገጽ መላውን ማያ እንዲሸፍን፣ ድምፅ እንዲያሰማ፣ የመዝጊያ ምልክቱም እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩን መቆለፍ ግን አይችልም። የማይክሮሶፍት የስህተትና የማስጠንቀቂያ መልእክት ስልክ ቁጥር ይዞ እንደማይወጣ ኩባንያው ራሱ ደጋግሞ አሳስቧል፤ ስለዚህ ቁጥር ያለበት ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ የማንም አርማ ቢለጠፍበት፣ ሐሰት ነው። እንዲህ ሲመጣ «ኤስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ጥቂት ሰኮንዶች መያዝ ማያውን ይመልሰዋል፤ ካልሆነ «አልት» እና «ኤፍ 4» አንድ ላይ፤ እሱም ካልሠራ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤስኬፕ» አንድ ላይ ተጭኖ ከሚወጣው ዝርዝር ብራውዘሩን መዝጋት ነው። ብራውዘሩ ተመልሶ ሲከፈት «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ቢል እምቢ ይበሉት። ለእናትዎ ግን ይህን ሁሉ ከማስተማር፣ «ከጮኸ የማጥፊያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ተጭነሽ ያዥው» ማለት ይበቃል።

የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ያለፈው ሰውየው ፕሮግራም ስላስጫነ ነው። ላፕቶፑን ከመክፈትዎ በፊት የቤቱን ዋይፋይ ያጥፉ። ከዚያ ከፍተው በተጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ በዚያ ቀን የገቡትን በሙሉ ያስወግዱ፤ የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ሕጋዊ ስለሆኑ ጸረ ቫይረስ ላይይዛቸው ይችላል። ላፕቶፑ ላይ የተቀመጡ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላትን በሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በስልክዎ ሆነው፣ ይቀይሩ። ለባንክዎ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ፤ በኢንተርኔት ላይ ፈልገው ባገኙት ቁጥር አይደውሉ። ሰውየው ምን እንዳደረገ እርግጠኛ ካልሆኑ ሰነድና ፎቶዎቹን አስቀምጦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አስተማማኙ መንገድ ነው። ለመምህሩ ፎርማት አያስፈልግም ብለን ለእርስዎ ያስፈልጋል የምንለው፣ እዚያ ላኪው በር ላይ ቆሞ ይጮህ ስለነበር፣ እዚህ ግን ቤት ውስጥ ገብቶ ስለነበር ነው። አቤቱታ ለመመዝገብ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በድረ ገጹ ይቀበላል። ሌሎች ሰዎች መልሰው ደውለው «ገንዘብዎን እንመልስልዎ» ቢሉ ግን ያው አጭበርባሪዎች ናቸው።

ከፍራንክፈርት

ጥያቄ፦ እዚህ እያንዳንዱ ገጽ ስለ ኩኪ ይጠይቃል። ሁልጊዜ እምቢ እላለሁ፤ በማግስቱ ያው ገጽ እንደገና ይጠይቀኛል። እስኪሰለቸኝ ነው?

መልስ፦ በከፊል አዎን፤ በከፊል ደግሞ ጥፋቱ የብራውዘርዎ ቅንብር ይመስለናል። እምቢታዎ የሚመዘገበው በምን ይመስልዎታል? በኩኪ፣ ማለትም ገጹ ብራውዘርዎ ውስጥ በሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ ነው። ብራውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ኩኪዎችን ሁሉ እንዲያጠፋ ካዘዙት፣ ወይም ሁልጊዜ በግል መስኮት የሚጠቀሙ ከሆነ፣ መልስዎም አብሮ ይጠፋል፤ ገጹም እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበልዎታል። ከዚህ ይልቅ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ብቻ የሚያግደውን ምርጫ ቢያበሩ፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚከታተሉዎት ታግደው የገጹ የራሱ ማስታወሻ ይቀራል።

ስለ መሰላቸቱ፣ የአውሮፓ አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሲሠራ ፈቃድ በነጻነት የተሰጠ እንዲሆን ያዝዛል። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን በጥር 2022 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ መቀበል በአንድ ጠቅታ ሲሆን እምቢ ማለት ግን ብዙ ጠቅታ ስለሚጠይቅ ነበር። «ሁሉንም አልቀበልም» የሚለው ቁልፍ ዛሬ በብዙ ገጾች ላይ ከ«ተቀበል» ጎን የቆመው ያለምክንያት አይደለም። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ከአዲስ አበባ

ጥያቄ፦ በባንኬ የኢንተርኔት አገልግሎት ገንዘብ በምልክበት ጊዜ ደረሰኙ አይከፈትም። የባንኩ ሰዎች «ፖፕ አፕ ክፈት» ይሉኛል፤ እናንተ ደግሞ ዝጉ ትላላችሁ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለታችንንም፣ ግን ለአንድ ጣቢያ ብቻ። ፖፕ አፕን፣ ማለትም በገጹ ላይ በራሱ የሚከፈተውን ተጨማሪ መስኮት፣ የፈጠረው ኢታን ዙከርማን በ1990ዎቹ ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ሲሠራ ነው፤ አንድ የመኪና አምራች ማስታወቂያው ከማይፈልገው ይዘት ጋር ተለጥፎ በማየቱ ስላጉረመረመ፣ ማስታወቂያው በተለየ መስኮት እንዲከፈት ኮድ ጻፈ። በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ይቅርታ ጠይቋል። ዛሬ ሁሉም ታዋቂ ብራውዘሮች እርስዎ ሳይነኩ በራሱ የሚከፈትን መስኮት ያግዳሉ፤ አንዳንድ የቆዩ የባንክ ሥርዓቶች ግን ደረሰኙን አሁንም በዚያው መንገድ ያመጡታል።

ስለዚህ ዋናውን ማብሪያ አይንኩት። ክፍያውን ፈጽመው ደረሰኙ ሲታገድ፣ ከአድራሻው መስመር በቀኝ ጫፍ ቀይ ምልክት ያለባት ትንሽ መስኮት ትታያለች፤ እሷን ነክተው «ከዚህ ጣቢያ ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ይምረጡ። ከመፍቀድዎ በፊት አድራሻው የባንክዎ ትክክለኛ አድራሻ መሆኑን ፊደል በፊደል ያንብቡ። ከዚያ ገጹን እንደገና ከመጫንዎ በፊት የሒሳብ መግለጫውን ይመልከቱ፤ የደረሰኙ አለመከፈት ክፍያው አለመፈጸሙን አያሳይምና፣ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ።